በሩ ሲዘጋ የሚበራው መብራት

ፈየራ ከወለጋ መጥቶ መካኒሳ ባለ አንድ ጋራዥ የመኪና ኤሌክትሪሺያን የሆነ ሰው ነው። ቃሉ አጭር ነው። አዎን ከሆነ አዎን፣ አይደለም ከሆነ አይደለም ይላል እንጂ አይምልም፤ ጴንጤ ነዋ። በደርግ ጊዜ ደግሞ ጴንጤ መሆን ያሳስር ነበር። ጸሎት ቤታቸው ስለታሸገ ምእመናኑ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በየጓዳው ይሰበሰባሉ። የፈየራ ቤት ግን ከቀበሌው ሊቀ መንበር ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። እዚያ እንኳን መዘመር ማስነጠስም ያሳስባል።

በጋራዡ ግቢ ጥግ አንድ ፈረንጅ አብዮቱ ሲፈነዳ ጥሎት የሄደ መኪና ቆሟል። አልጋም ምድጃም ያለው፣ ቤት የሚያህል መኪና ነው። የግቢው ዘበኛ ምትኩ ፈየራን ስለሚወደው አመሻሽ ላይ ሰዎቹን ያስገባለት ጀመር። ምትኩ ራሱ የመካኒሳ አቦ ሰው ነው። ጴንጤዎቹን "እናንተ ጻድቅ የማታውቁ" እያለ ይተርባቸዋል፤ በሩን ግን ይከፍትላቸዋል።

ያስቸገረው የመኪናው መብራት ነበር። በሩ ሲከፈት መቃኑ ላይ ያለችው ቁልፍ ብቅ ትልና የጣሪያውን አምፖል ታበራለች። ሰው በገባ ቁጥር ፊቱ ከመንገዱ ይታያል። አምፖሉ እንዳይነቀል መጽሐፍ ቅዱስ የሚነበበው በእሱ ነው። ፈየራ አሰበ አሰበና ከአሮጌ ፊያት ላይ የክላክስ ሪሌ፣ መብራት የምታቀያይር ትንሽ ማብሪያ፣ ፈትቶ ነገሩን ገለበጠው። ከዚያ ወዲያ በሩ ሲከፈት መብራቱ ይጠፋል፣ ሲዘጋ ይበራል። መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ይጋርዳሉ። ሲጨርሱ አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ መጨረሻ የሚወጣው ፈየራ አልጋው ሥር በደበቃት ማጥፊያ መብራቱን አጥፍቶ፣ ብርድ ልብሶቹን አጣጥፎ ይዘጋል። ሁሉም አደነቁት። እሱም ደስ አለውና ስለ ማጥፊያዋ ለማንም ሳይናገር ቀረ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ።

አንድ ምሽት እማማ ጸሐይወርቅ እንደተንበረከኩ ቀሩ። አንድ ልጃቸው ኤርትራ ዘምቶ ወሬው ጠፍቷል። የሚጸልይ ሰው አይቀሰቀስም፤ በጨለማ ትቶ መሄድም ይከብዳል። ሰዓት እላፊው ሲቃረብ ፈየራ መብራቱን ሳያጠፋ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ሲወጡ የግቢውን በር እንዲከፍትላቸው ለምትኩ አደራ ብሎ ሄደ።

እማማ ጸሐይወርቅ ጨርሰው ተነሡ። ባለሙያ ሴት ናቸውና ብርድ ልብሶቹን አንድ ሳያስቀሩ አጣጠፉ። በሩን ሲከፍቱ መብራቱ ጠፋ። ጥሩ ነው አሉና በሩን ከኋላቸው ዘግተው፣ ዞር ብለው ሳያዩ ሄዱ። ሰው የሌለበት መኪና በባዶ መስኮቱ ቦግ ብሎ ቀረ። የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ከመንገድ አይተውት ገቡና፣ ያገኙትን ሰው ምትኩን ይዘው ሄዱ።

ፈየራ ጠዋት ይህን ሰማ። ወዲያው ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄደ። ሊቀ መንበሩ ምትኩን አስጠርቶ አጠገቡ አቆመው። ፈየራ መብራቱን ገልብጦ የቀጠለው እሱ ራሱ መሆኑን፣ ዘበኛው ስለ ኤሌክትሪክ የሚያውቀው ነገር እንደሌለ ተናገረ። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው።

"መኪናው ውስጥ ሰው ይሰበሰባል?" አለ ሊቀ መንበሩ።

ፈየራ አዎን ቢል እማማ ጸሐይወርቅም ሌሎቹም ይታሠራሉ። አይደለም ማለት ደግሞ አልሆነለትም። ዝምታው እየረዘመ ሲሄድ ምትኩ ቀኝ እጁን አነሣ።

"አቦን! እዚያ የምተኛው እኔ ብቻ ነኝ። ሌላ ሰው ገብቶበት አያውቅም።"

ሊቀ መንበሩ በየስብሰባው እግዚአብሔር የለም እያለ የሚያስተምር ሰው ነው። የአቦን መሐላ ግን እሱም አልደፈረም፤ የዚያው አጥቢያ ልጅ ነው። ሽቦው ዛሬውኑ እንዲቆረጥ አዝዞ ሁለቱንም አሰናበታቸው።

መንገድ ላይ ፈየራ ሊያመሰግነው ሲጀምር ምትኩ ወሬውን ወደ ዝናቡ ወሰደው።

የአቦ ዕለት ፈየራ ወደ ሥራ ሲያልፍ ምትኩን አየው። ነጠላውን አጣፍቶ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ማዶ፣ ከመንገዱ ወዲህ ቆሟል። ሰዉ በሩን እየተሳለመ ይገባል። እሱ አልተንቀሳቀሰም። ፈየራ ጠጋ ብሎ ለምን እንደማይገባ ጠየቀው።

"በየትኛው አፌ ልሳለመው?" አለ ምትኩ።

ፈየራ አፈረ። እሱ አፉን ንጹሕ ያደረገው በዚህ ሰው አፍ እንደሆነ ያኔ ገባው። ሥራው ረፍዶበታል፤ ግን አልሄደም። የዕቃ ሻንጣውን መሬት አስቀምጦ፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ አጠገቡ ቆመ።