ክዳኑ የተነሳ ማሽን

በጃንሆይ ዘመን ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ጥጥ መፍተያ ፋብሪካ እሠራ ነበር። ባሌ ሞቶ ልጆቼን የማሳድገው በዚያች ሥራ ነበር። የቆምኩበት ማሽን ጥርሶቹን የሚሸፍን የብረት ክዳን ነበረው። ጥጥ በተጠመጠመ ቁጥር ክዳኑን መፍታት ሥራ ያዘገያል ብሎ አለቃችን አስነሳው። አንድ ቀን ከምሳ በፊት የተጠመጠመ ጥጥ ሳላቅቅ ማሽኑ ቀኝ እጄን ያዘው። ሐኪም ቤት ሁለት ጣቶቼን ቆረጡልኝ።

አለቃው ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ «አይዞሽ፣ ሲሻልሽ ትመለሻለሽ» አለኝ። አመንኩት። ቁስሉ ጠግጎ ስሄድ ግን ዘበኛው በር ላይ አቆመኝ። አለቃው ወጣና፣ «የተጎዳሽው ሳትጠነቀቂ ቀርተሽ ነው። ቦታሽም ሰው ተቀጥሮበታል» አለ። የተቀጠረችው ከጀልዴሳ የመጣች ወጣት ሴት ነበረች። ሳላውቃት ጠላኋት።

ያኔ የሠራተኛ ማኅበር ገና አዲስ ነገር ነው። የማኅበራችን ተጠሪ መጋላ ሰፈር የሚኖሩ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ። «ልጄ፣ ይህ ልመና አይደለም» አሉኝ። «ሕግ ወጥቷል። ሥራ ላይ የተጎዳ ሰው እንደ አሮጌ ዕቃ አይጣልም።» የሠራተኛ ጉዳይ የሚያየው የመንግሥት ሹም ዘንድ ይዘውኝ ሄዱ። ሹሙ ምስክር እንድናመጣ ቀን ቀጠረልን። አብረውኝ የሠሩት ሁሉ ለእንጀራቸው ፈርተው ዝም አሉ። ልጆች አሏቸው፤ አልፈረድኩባቸውም።

በቀጠሮው ቀን ማንም ሳይለምናት ያቺው ወጣት መጣች። አማርኛዋ ገና አልጠናም፤ ሲያቅታት በኦሮምኛ ትናገራለች፣ ሽማግሌው ይተረጉሙላታል።

«ማሽኑ ክዳን የለውም» አለች። «እኔ ስገባም አልነበረውም። ዛሬም የለውም።»

ሹሙ፣ «ይህን በመናገርሽ ከሥራ ብትባረሪስ?» አላት።

«ሥራ ሌላ ይገኛል። እጅ ግን አይገኝም።»

ሹሙ ፋብሪካው ድረስ መጥቶ ማሽኑን በዓይኑ አየ። ክዳኑ እንዲገጠም፣ እኔም እንድመለስ፣ እሷም እንዳትነካ አዘዘ። በጎዶሎ እጅ ያንን ማሽን መያዝ ስላልቻልኩ ክር መደርደሪያ ክፍል አስገቡኝ። አለቃው ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ነፈገኝ፤ ምንም አልጎደለብኝም።

እሷን ለማነጋገር ግን አፍሬ ሰነበትኩ። በኋላ ቀፊራ ገበያ ተገናኘን።

«ምን ብዬ ላመስግንሽ?» አልኳት።

«ተይው እህቴ» አለችና የዘንቢሌን አንዱን ጆሮ ያዘችልኝ። ሽንኩርት እየመረጥን አብረን ሄድን።