ከድንጋዩ ሥር የነበሩት

በሙዚየሙ ምድር ቤት የሚሠሩ ሰዎች እሜቴ እንሽላሊት ይሏታል። ስሙን ያወጣላት የጽዳት ሠራተኛው ነው። እሷም ሰምታ አልተቀየመችም፤ «የዓሣ ክፍሉን ሰውዬ የሚሉትን ብትሰሙ የኔ ሹመት ነው» ትል ነበር። ሥራዋ አልኮል የተሞሉ ጠርሙሶችን መጠበቅ፣ በውስጣቸው ያሉትን እንስሳትም በየዘራቸው መለየት ነው። አላገባችም፣ አልወለደችም። የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ሲሆን፣ እህትየው ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ቢያርፍ አፏ አያርፍም። «ሰው ልጅ ያሳድጋል፤ የኔዋ ጭራ ያለው ነገር ታሳድጋለች» እያለች ለደንበኞቿ ታወራለች።

እንሽላሊቷን መጀመሪያ ያገኘቻት ጠርሙስ ውስጥ ነበር። ድሮ የነበረ አንድ ሠራተኛ ከአንድ ተራራ አናት አምጥቶ ከተራዎቹ እንሽላሊቶች ጋር ቀላቅሎ ከቷታል። አንድ ቀን አልኮሉን ስትቀይር የአንዷ ጉሮሮ ዐይኗን ያዘው። የሌሎቹ የጉሮሮ ቅርፊት ሰፊና ሹል ነው፤ የዚህችኛዋ ግን ደቃቅ፣ ክብ ክብ። በማጉያ መነጽር አየቻት፣ መለሰቻት፣ ምሳዋን በልታ መጣችና እንደገና አወጣቻት።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ ተራራውን መውጣት ልማዷ ሆነ። አናቱ ላይ ካለው ገደል ግርጌ ጠፍጣፋ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተከምሮ ነበር። እዚያ በደረቷ ተኝታ ፀሐይ ድንጋዩን እስክታሞቅ ትጠብቃለች። ድንጋዩ ለብ ሲል ከየስንጥቁ አንድ አንድ እያሉ ብቅ ይላሉ፤ ጥቁር፣ ጎናቸው ላይ እንደ ዝገት ያለ ቀይ መስመር ያለባቸው፣ ጣታቸውን ዘርግተው ሆዳቸውን ድንጋዩ ላይ የሚለጥፉ። የሥራ ባልደረቦቿ «እንሽላሊት እንሽላሊት ነው» ይሏት ነበር። አዲስ ዘር ናት ብላ የላከችውን ጽሑፍ ሁለት መጽሔት መለሰባት። ደክሟት ልትተወው ስትል የዘረ መል ምርመራው ውጤት መጣ፤ እውነትም ሌላ ዘር ናት፤ ከዚያ ገደል በቀር የትም ያልታየች።

«እና ምን አገኘሽ?» አለቻት እህቷ።

«ስም እንዳወጣላት ተፈቀደልኝ።»

«ለስም ማውጣትማ ልጅ ይሻል ነበር፤ ሲጠሩት አቤት ይላል።»

ሁለቱም ሳቁ።

የክፍሉ ኃላፊ እሷው ያሠለጠነችው ሰው ነው። ሰነፍ አልነበረም። ከታችኛው ቁልቁለት ላይ ድንጋይ የሚፈልጥ ኩባንያ ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየተጠጋ ስለነበር፣ ኃላፊው ከቢሮ ቢሮ እየተንከራተተ ተራራው እንዲከለል አደረገ። አጥር ታጠረ፣ ጠባቂዎች ተቀጠሩ፣ የጥበቃ ቤትም ይሠራ ተባለ። በዚያው ሰሞን እህቷ ከደረጃ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ማን አላት? እሷ ሥራዋን ትታ አስታመመቻት፤ በዚያ ዓመትም ተራራውን አልወጣችም። የወጣችው እህቷ በምርኩዝ መራመድ ስትጀምር፣ ለቤቱ ምረቃ ተጠርታ ነው።

ቤቱ ያምራል። በሩ አረንጓዴ፣ ጣራው አዲስ ቆርቆሮ፣ ግድግዳው በጠፍጣፋ ድንጋይ የተገነባ። ድንጋዮቹ ላይ ግራጫና ብጫ የድንጋይ ሽበት አለ። እጇን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ከዚያ ዞር ብላ ወደ ገደሉ ግርጌ አየች። ክምሩ የለም፤ የተቦረቦረ አፈር ብቻ ነው።

ግንበኛው የተረፈ ሲሚንቶ እየጠረገ ነበር።

«ድንጋዩን ከየት አመጣችሁት?» አለችው።

«ከዚሁ ነው እመቤቴ። ከታች እናመላልስ ብንል መኪና አይወጣም። ይሄ ደግሞ ፈጣሪ ራሱ ጠርቦ ያስቀመጠው ነው፤ መዶሻ እንኳ ብዙም አልፈለገ።»

«ከሥሩ የሚወጣ ነገር አላያችሁም?»

«እንሽላሊት ነዋ። መዓት ነበር። እኛ ግን ነፍስ አላጠፋንም፤ በመጥረጊያ ወደ ሜዳው ነበር የምናባርራቸው።» መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ ምልሽ እመቤቴ፣ ለመሆኑ እዚህ ብርድ ላይ የሚጠበቀው ምንድን ነው? አውሬ አለ እንዴ?»

ኃላፊውን ልትፈልግ ዞረች። እንግዶቹ ጭብጨባ ጀምረው ነበር።

ኃላፊውን ለብቻው አግኝታ የተቦረቦረውን አፈር ስታሳየው ፊቱ አመድ መሰለ።

«የምትኖረው ከዚያ ድንጋይ ሥር ብቻ ነው ብዬ ጽፌልህ ነበር» አለችው።

«አንብቤዋለሁ። ድንጋዩ አይነሳ ብለው ግን አልጻፉም።»

እውነቱን ነው፤ አልጻፈችም። ይህን ይጻፉልኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይኖራል ብላ አላሰበችም ነበር። ቤቱ ይፍረስና ድንጋዩ ይመለስ ብላ ጠየቀች። የተመረቀ ቤት ማን ያፈርሳል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ።

በሚቀጥሉት ዓመታት እየወጣች ብትፈልግ አንዲትም አጣች። ጠባቂዎቹ በምድጃቸው ዙሪያ ተቀምጠው ባዶ ገደል ይጠብቁ ነበር። ወሬው ከተማ ደረሰ። ድንጋይ ፈላጩ ኩባንያም አልተኛም፤ «የሌለ እንስሳ ይጠበቃል ወይ?» ብሎ አመለከተ፤ ጉዳዩን የሚያይ ኮሚቴ ተቋቋመ።

እሷ ግን ከገደሉ ጀርባ፣ ሰው በማይረግጠው ሸንተረር በኩል ዞራ ወረደች። እዚያም ከአንድ ትንሽ የድንጋይ ናዳ ላይ ያንን የዛገ ቀይ መስመር አየች። ጥቂት ናቸው፤ ግን አሉ። በደረቷ ተኝታ አለቀሰች፤ ከዚያ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ፎቶ አነሳች።

ኮሚቴው ፎቶውን አይቶ አልተቀበለውም። በመዝገብ ከተራዋ እንሽላሊት የሚለያት ጉሮሮዋ ነው፤ ጉሮሮዋ ደግሞ በፎቶ አይታይም፤ የዘረ መል ውጤት ለመጠበቅም ጊዜ የለም። ኃላፊው ስልክ ደወለ።

«አንዷን በጠርሙስ ያምጡልን ይላሉ፤ በሕይወት ያለችውን በማጉያ ማየት አይቻልም።»

«ጥቂት ናቸው አልኩህ እኮ።»

«ካላመጡ ተራራው ይሄዳል። ሁሉም ይሄዳሉ።» ትንፋሹ ይሰማት ነበር። «ሌላ መንገድ ባገኝ አልነግርዎትም ነበር።»

ዘንግ ጫፍ ላይ የክር ሸምቀቆ አስራ ተመልሳ ወጣች። መጀመሪያ የያዘቻት ሴት ነበረች። መዳፏ ላይ ስታስቀምጣት የእንሽላሊቷ ሆድ ከበዳት። ይህች ዘር በብርዱ የተነሳ እንቁላል አትጥልም፤ ልጆቿን በሆዷ ይዛ ፀሐይ እየሞቀች ታሳድጋቸዋለች። ስለዚህ በጨርቅ ከረጢት ውስጥ አቆየቻትና ወንድ ይወጣ እንደሆነ ጠበቀች። ደመና መጣ፤ ድንጋዩ ቀዘቀዘ፤ ምንም አልወጣም። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በማግስቱ ነው። ከረጢቱን ደረቷ ውስጥ ከትታ ወረደች።

ሌላ ሰው እንዲያደርገው አልፈለገችም። መርፌውን ራሷ ወጋቻት፤ የእንሽላሊቷን ሆድም ራሷ ከፈተች። ልጆቹ ተጠቅልለው ተኝተዋል፤ ጣታቸው ሁሉ ተሠርቶ አልቋል፤ ጎናቸው ላይ ያ ቀይ መስመር እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል።

ቤት ስትገባ እህቷ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና አለች።

«ምነው፣ ፊትሽ ምን ሆነ?»

«ልጆች ነበሯት፣ እትዬ። ባልወለደ አንጀቴ ገደልኳት።»

እህትየው ምርኩዟን ይዛ ተነሳችና ሻይ ጣደች።

ኮሚቴው ጉሮሮውንም ልጆቹንም በማጉያ አየ። ክርክር አልተነሳም፤ ጥበቃው ጸና፤ ኩባንያው ወደ ሌላ ተራራ ሄደ። ኃላፊው «እርስዎ ባይኖሩ» ብሎ ጀምሮ ዐይኗን ሲያይ ወረቀቶቹን መሰብሰብ ያዘ። ጠባቂዎቹ ዛሬም በዚያው ቤት ናቸው፤ ግድግዳው ነፋስ አያስገባም ይላሉ።

በዓመቱ የተራራው ጉዞ ሲዘጋጅ ጉልበቴን ያመኛል አለች። የሚቀጥለው ዓመትም እንደዚሁ። ጉልበቷ ደህና ነበር፤ የምድር ቤቱን ደረጃ ጠርሙስ ተሸክማ ስትወርድ ሁሉም ያያታል፤ የጠየቃት ግን የለም።