ማሠልጠኛ የላክሁት ጭኮ

ልጄ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ከጊንጪ ሲሄድ የጎረቤቴም ልጅ አብሮት ሄደ። ሁለቱም አንድ ማሠልጠኛ እንደገቡ ጻፉልን። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስለቆጠርሁ የሁለታችንንም ደብዳቤ የማነበው እኔ ነበርሁ።

ከፋሲካ በኋላ ገብስ ቆልቼ አስፈጨሁና በቅቤ ለውሼ ጭኮ ሠራሁ። ጭኮ መንገድ አያበላሸውም። ከአሮጌ ቀሚሴ በቀደድሁት አረንጓዴ ጨርቅ ሰፍቼ፣ የራሱን ልጅ ሊጠይቅ ወደዚያው ለሚሄድ የአምቦ ሰው ሰጠሁት።

ከዚያ በኋላ ልጄ ዝም አለ። አንድ ቀን ጎረቤቴ ከልጇ የመጣ ደብዳቤ ይዛ ገባች። አነበብሁላት፦ «እናቴ ሆይ፣ የላክሽልኝ ጭኮ ደርሶኝ ከጓደኞቼ ጋር በላነው። አረንጓዴውን ጨርቅ መሀረብ አደረግሁት።»

«የምን ጭኮ?» አለች። «እኔ ቂጣ እንኳ አልላክሁም። ልጁን ፀሐይ መታው እንዴ?»

«የኔ ነው» አልኋት።

«ታዲያ ያንቺው የት ሄዶ ነው የኔው የበላው?»

ብላ ሳትጨርስ ራሷ ደንግጣ አፏን ያዘች። ሥልጠናው ሲያበቃ ወደ ግንባር እንደሚወስዷቸው ሁለታችንም እናውቃለን። ሄዶ ይሆን? ታሞ ይሆን? ወይስ አብሮ በልቶ መጻፍ ሰንፎ ነው? ወረቀቱን ደጋግሜ አየሁት፤ ስለ ልጄ አንድ ቃል የለበትም። ደብዳቤ ይከፈታል ስለሚባል የት ነው ያለው ብዬ ለመጠየቅ ፈራሁ።

«ጭኮው የኔ ነበር ብለሽ ጻፊለት» አለች ጎረቤቴ። «አፍሮ እውነቱን ያወጣል።»

ጻፍሁ። ልጇም መለሰልኝ፦ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እዚህ የመጣ ምግብ ሁሉ የጋራ ነው። ማንም ይላከው፣ እያንዳንዳችን የየራሳችንን እናት እናመሰግናለን፤ ደንባችን ነው። እሱ ደህና ነው፤ አያስቡ።»

ደህና ነው ይላል፤ አብሮን በላ ግን አይልም። እዚህ ነው ያለው ብሎም አይልም። አምኜው ልረፍ ወይስ ልፍራ፣ ግራ ገባኝ።

ክረምቱ ሲወጣ ከልጄ ደብዳቤ ደረሰኝ። የእጁ ጽሑፍ የራሱ ነው፤ የፖስታ ቁጥሩ ግን ሌላ። «ሀርሜ፣ እናቴ፣ የሰው እናት ሁሉ ጭኮ ሲልክ አንቺ ብቻ ረሳሽኝ» ይላል።

ጎረቤቴ ሳቀች። «እንኳንም ተቆጣ። የሚቆጣ ሰው ደህና ነው።»

እኔ ቁጥሩን እያየሁ ግንባር ይሁን ሌላ ማሠልጠኛ መለየት አቃተኝ። «ልኬልህ ነበር» ብዬ ጀመርሁና፣ ከጓደኞቹ እንዳላጣላው ብዬ ወረቀቱን ለወጥሁ። «ገብሱ እየተቆላ ነው» ብዬ ጻፍሁ። «ወዳንተ የሚመጣ ሰው በየትኛው አውቶቡስ እንደሚሳፈር ብቻ ንገረኝ።»