ጠቆር ብሎ የወጣው ምስል

እኔ የሠርግ ካሜራማን ነኝ። ደሴ ፒያሳ አንድ ፎቅ ሥር ጠባብ ስቱዲዮ አለችኝ። በሩ ላይ የለጠፍኳት ሙሽራ ፀሐይ መትቷት ፊቷ ሰማያዊ ሆኗል። ይህን የማወራው ሥራዬን ለማስተዋወቅ አይደለም፤ ጥፋቴ ከሥራዬ ስለሚጀምር ነው። የእኛ ዋና ሙያ ማስደገም ነው። «እንደገና ግቡ! አሁን ደግሞ እየሳቃችሁ!» ሙሽሪት ሦስቴ ከመኪና ትወርዳለች፣ እናቷ ሁለቴ ታለቅሳለች። ምስሉ አላምር ካለ የሌላ ሰዓቱን አምጥቼ እሰካበታለሁ። ማን ያውቃል? ማንም። እንዲያውም «አሳመርከን» እያሉ ይመርቁኝ ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ኮምቦልቻ ወርጄ አንድ የክርስቲያን ሠርግ ቀረጽኩ። በእኛ አገር ሠርግ ሲደገስ ለክርስቲያኑም ለእስላሙም ነው። ደጋሹ ክርስቲያን ከሆነ በጎቹን ለሙስሊም ጎረቤቱ ያስረክባል፤ እሱ በራሱ ቢላ ያርዳል፣ በእነሱ ድስት ይሠራል፣ ጓሮ ለብቻው ድንኳን ይተከላል። ደጋሹ ሙስሊም ሲሆን ደግሞ በተገላቢጦሽ። ሥጋው አይቀላቀልም፤ ሰዉ ግን ማታ አንድ ላይ ይጨፍራል። ኮምቦልቻ ውስጥ ይህን አደራ የሚሸከሙ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ትንሽ ሥጋ ቤት አለቻቸው፤ የሚከበሩት ግን በሥጋ ቤቷ አልነበረም። ደጋሽ ሁሉ እሳቸው ካሉለት በጎቹን አስረክቦ ያለ ሐሳብ እንግዳውን ይቀበላል። ይህ ነበር ክብራቸው፤ ሌላ ሀብትም አልነበራቸው።

በዚያ ሠርግ የክርስቲያኖቹ ማዕድ ቤት ቆርቆሮ ሥር፣ ጭስ በጭስ ነበር። ምስሉ ጠቆር ብሎ ወጣብኝ። ጓሮ ስሄድ የሽማግሌው ድንኳን ፀሐይ ገብቶበት፣ ድስቱ እየተንተከተከ፣ አቤት ማማሩ! «አባባ፣ እስቲ ክዳኑን እንደገና ያንሱልኝ፣ እንፋሎቱ ይታይልኝ» አልኳቸው። «አንተ ልጅ፣ ወጡን ልትበላው ነው ልታገባው?» ብለው ሳቁብኝና አነሱልኝ።

ኤዲት ሳደርግ የጠቆረውን አወጣሁ፣ የሽማግሌውን ድስት አስገባሁ። ቀጥሎ የሙሽራዋ የነፍስ አባት፣ ቄሱ፣ በትልቁ ድንኳን ሲጎርሱ ይታያል። በሁለቱ መሀል ደግሞ፣ አምላኬ ይቅር ይበለኝ፣ የልብ ቅርጽ ያለው ማሸጋገሪያ አደረግሁ። የእስላሙ ወጥ ልብ ውስጥ ገብቶ ቄሱ አፍ ላይ አረፈ። ወሎዬ ሆኜ፣ ሥጋው ሲለይ እያየሁ አድጌ፣ ያን ጊዜ የታየኝ ብርሃኑ ብቻ ነው። ደጋሾቹም በዚያ ሁሉ ሰዓት ቪዲዮ ውስጥ ያችን ቅጽበት አላስተዋሏትም።

ወራት አለፉ። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ፒያሳ ሻይ ስጠጣ አስተናጋጁ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። «ጉድ ሰማህ? ኮምቦልቻ ቄሱን ሳይቀር የእስላም ሥጋ አብልተዋቸው!» አለኝ። አየሁት። አንድ ሰው ያችን ቁራጭ ብቻ ነጥሎ «ሆን ብለው ነው ያረከሱን» የሚል ጽሑፍ ደርቦባታል። የልብ ቅርጿም አለች፣ ቀይ፣ የኔዋ። ሻዩ ትን አለኝ። «ደህና ነህ?» አለኝ ልጁ። «ደህና ነኝ» ብዬ ወጣሁ።

አሁን ይህን በደንብ ልናገር። ቆርጬ ያወጣሁት ምስል ስቱዲዮዬ መደርደሪያ ላይ፣ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነበር። ይጥቆር እንጂ ይታያል፤ ሴቶቹ የክርስቲያኑን ድስት ከፍተው ሲጨልፉ፣ ከዚያው ተሸክመው ቄሱ ፊት ሲያቀርቡ። እዚያው ቅዳሜ ረፋድ ብለቀው ኖሮ ነገሩ ያበቃ ነበር። አለቀቅሁትም። ወደኔ ይመጣሉ ብዬ ፈራሁ፤ ስቱዲዮዬን ዘግቼ ቤቴ ገባሁ። ከሰዓት በኋላ የኮምቦልቻ ወጣቶች ተጠራርተው ሥጋ ቤቷን ሰብረው አቃጠሏት፣ ሽማግሌውን ደበደቧቸው። የሙሽራዋ አባት ማተቡን ይዞ «ኧረ ሥጋው አልተቀላቀለም!» ብሎ ቢምል «ሊሸፍንላቸው ነው» አሉት። በዓይናቸው አይተዋላ! ደጋሾቹ ደግሞ የቀጣጠለው ቁራጩን የለቀቀው ሰው መስሏቸው የኔን ስም አላነሱም።

ሽማግሌው ከቁስላቸው ተነሱ፤ ሥጋ ቤቷንም ልጆቻቸው መልሰው ሠሯት። ከዚያ ወዲያ ግን በግ የሚያስረክባቸው ክርስቲያን ጠፋ። ሙስሊሙም ቢሆን ጠብ እንዳይነሳ ብሎ ሌላ ሰው ይጠራ ጀመር። እኔ ሠርግ ልቀርጽ በወረድኩ ቁጥር በሥጋ ቤቷ በኩል ላለማለፍ ባጃጁን በሌላ መንገድ አስዞረው ነበር።

ዘንድሮ አንዳንድ የኮምቦልቻ ወጣቶች ተሰባስበው ወደ ስቱዲዮዬ መጡ። «ያ ጥቃት እንዴት እንደደረሰ የሚያሳይ ዶክመንተሪ ሥራልን፤ ሰዉ አይቶት እንዳይደገም» አሉኝ። ከካሜራማኑ ሁሉ እኔን! እምቢ ብል ይጠረጥሩኛል ብዬ እሺ አልኩ። የሕሊና ጉዳይ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን አልነበረም።

መጀመሪያ የቀረጽኩት የሥጋ ቤቷን በር የሰበረውን ወጣት ነው። ታስሮ የወጣ ነው። «እንዴት ልታደርገው ቻልክ?» ስለው ወለሉን እያየ፦

«ቪዲዮውን አየሁታ። ሰው ነግሮኝ ቢሆን አላምንም ነበር። ሥጋችንን አበላሽተው የሳቁብን መሰለኝ፣ ደሜ ፈላ» አለኝ።

«ምኑ ነው ያሳመነህ?»

«ሽማግሌው ድስቱን ሲከፍቱ፣ ቄሱ ሲጎርሱ! ሌላ ምን ቀረ?»

ካሜራው ጀርባ ሆኜ ራሴን ነቀነቅሁ፣ እንደሚያዝን ሰው። ሌሎቹንም ጠየቅሁ፤ ሁሉም ያው ነው። ጥላቻው ቀድሞም ውስጣቸው ሲብላላ ነበር ልል እችላለሁ፣ ደግሞም ሳይኖር አይቀርም። ክብሪቱን ግን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

በመጨረሻ ሽማግሌው ዘንድ ሄድኩ። ያን ቀን ካሜራዬን ተክዬ ምን ብላቸው ጥሩ ነው? «አባባ፣ ብርሃኑ አልተመቸኝም፣ ወጥተው እንደገና ይግቡልኝ።» በተደበደቡበት በር! ሁለቴ አስደገምኳቸው። ወጡ፣ ገቡ፣ ተቀመጡ። ስለ ድብደባው በአጭሩ ነገሩኝ። «ቁስሉስ ሻረ፣ አልሐምዱሊላህ። አሁን ደጋሽ በደጄ ሲያልፍ አንገቱን ይደፋል፤ እኔ አደራ በላ ሆኜ ልሙት?» አሉኝ።

ያኔ ነው የማይጠየቀውን የጠየቅሁት። ማወቅ አለማወቃቸውን ልሰልል ነበር። «ቪዲዮውን ማን የሠራው ይመስልዎታል?»

ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ ነሃ!» አሉኝ። «ክዳኑን አንሱልኝ ያልከኝ አንተ አይደለህ? ያን ጊዜ የቆምክበትን እንኳ አስታውሳለሁ።»

«ታዲያ... ለምን አልተናገሩም?»

«ብናገር ወዳንተ ይመጡ ነበር። የሚያደርጉትን ቀምሼው፣ ላንተ ልመኝልህ? ወላሂ፣ አልመኝም! አንተው መጥተህ ትነግረኛለህ ብዬ ስጠብቅ ነው የከረምኩት።» ከዚያ ወደ ካሜራው ጠቆሙ። «ይሄን ቁረጠው። የልጆች አባት ነህ። አብሽር፣ እኔ አላወራም።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ይገባኝ ነበር፤ የወደቀልኝ ግን ጭንቀቴ ነው። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ቁረጠው ሲሉኝ እፎይ አልኩ። እስከ ዛሬ ከሁሉም የማፍረው በዚያች እፎይታ ነው።

ደሴ ተመልሼም ቆረጥኩት። ፊልሙን ያለሱ ጨርሼ ብቻዬን አየሁት። ወጣቱ ይጸጸታል፣ ሽማግሌው ይቅር ይላሉ፣ እኔ የለሁም። ደግሞ ማማሩ! ሽማግሌው ግን አሁንም ማስረጃ የሌላቸው፣ ይቅር ባይ ብቻ ናቸው፤ አላበላሹም የሚል አንድ ምስል የለም። ራሴን ተጸየፍኩ። ሃርድ ዲስኩን አወጣሁና የጠቆረውን ሳላበራ፣ ሳልነካካ፣ እንዳለ አስገባሁት። ሽማግሌው «አንተ ነሃ!» ያሉትንም፣ «ቁረጠው» ያሉትንም መለስኩ። ሳልነግራቸው።

ኮምቦልቻ አዳራሽ ውስጥ ስናሳየው ሙቀቱ አይጣል ነበር። ሽማግሌው ከልጆቻቸው ጋር ፊት ተቀምጠዋል። ያ የጠቆረ ምስል ሲመጣ ሰዉ ለማየት አንገቱን አሰገገ፤ ሴቶቹ ሲጨልፉ፣ ተሸክመው ሲወጡ፣ ቄሱ ፊት ሲያስቀምጡ። «ወይኔ!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። መብራቱ ሲበራ የሙሽራዋ አባት ተነስቶ ሄደና የሽማግሌውን ጉልበት ሳመ። ከኋላው ሌሎችም ተሰለፉ። ሽማግሌው «ተነሱ፣ ኧረ ተነሱ» እያሉ ያለቅሱ ነበር።

እኔ መድረኩ ላይ ማይክ ይዤ ቆሜያለሁ። ወደኔ የመጣ የለም፤ የሰደበኝም የለም። በሩን የሰበረው ወጣት ሽማግሌውን ስሞ ሲያበቃ ወደኔ ዞረ።

«እኔ ታሰርኩ» አለኝ። «አደረግሁ፣ ታሰርኩ። አንተ ግን ይህን ሁሉ ይዘህ፣ እሳቸው እንደዚያ ሲኖሩ እያየህ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር?»

ሽማግሌው እንኳ መልሴን ሊሰሙ ዞሩ።

«ሠርግ ስቀርጽ» አልኩት።