ዘፋኙ የሚገባበት ቦታ

ለብቻዬ የሠራሁበት ዘመን ከባንዳችን ዕድሜ በልጧል። ባንዱ ሰባት ዓመት ኖረ፤ እኔ ሶሎ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ከነዚህ ውስጥ ዘጠኙን ያሳለፍኩት ሙስካት፣ አል አንሳብ በሚባል ሰፈር፣ ከአንድ ቪላ ጀርባ በምትቆም ነጭ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ነው።

ባንዳችን ዝነኛ ነበር። ዝም ብዬ እያጋነንኩ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ሮክ የሚባለውን ነገር ስንጫወት ሕዝቡ አጥር ዘልሎ ይገባ ነበር፤ አጥር በሌለበት አዳራሽ እንኳ ከየትም ከየትም ብሎ አጥር አምጥቶ ይዘል ነበር። እኔ ጊታሪስቱ ነኝ። ፀጉሬ እስከ ወገቤ ይደርስ ነበር። አሁን የቀረኝ ወገቤ ብቻ ነው፤ እሱም ያመኛል።

ከዚያ ባንድ ሁሉ እንደሚያደርገው ተጣላን። ምክንያቱ ጠፍቶብኛል፤ መድረኩ መሀል ማን ይቁም የሚል ነገር ነበረበት። «ብቻዬን እሠራለሁ» ብዬ ወጣሁ። በሩ ድረስ እንኳ የሸኘኝ የለም።

ወደ ሙስካት የመጣሁት ሆቴል ውስጥ ልጫወት ነበር። በሁለት ዓመቱ ሆቴሉ ባለቤት ቀየረ፤ አዲሱ ባለቤት «ሙዚቃ ማፊ»፣ ሙዚቃ የለም፣ አለ፤ እኔም መንጃ ፈቃድ ስለነበረኝ የቤት ሾፌር ሆንኩ። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ ማዳምን፣ የቤቱን እመቤት፣ ማቢላ ሰፈር እናቷ ዘንድ አደርሳለሁ፤ የቀረውን ሰዓት መኪናዋ ውስጥ ጊታር እየመታሁ እጠብቃለሁ። ጊታሬን በቆመ መኪና ውስጥ ትቼው አልሄድም፤ የዚህ አገር ፀሐይ ሙጫውን ያላቅቀዋል። አንዴ ሐምሌ ላይ ለአንድ ሰዓት ብተወው ገመዶቹን የያዘው እንጨት ተገንጥሎ ጠበቀኝ። ከዚያ ወዲህ እንደ አራስ ታቅፌው እዞራለሁ። ሱቅ ስገባ ይገባል፣ ሰልፍ ስቆም ይቆማል። የቤቱ አባወራ፣ ባባ የምንለው፣ «ይሄ ልጅ ኢቃማ አለው?» ብሎ የመኖሪያ ፈቃዱን ጠይቆኛል።

መኪናዋ የምትቆምበት ቦታ ከወጥ ቤቱ መስኮት ትይዩ ነው። እዚያ የምትሠራው የወሎ ልጅ ናት፤ ከሚሴ አካባቢ። ማዳም ከቤት ስትወጣ መስኮቱን ገርበብ አድርጋ፣ ዕቃ እያጠበች ትሰማኛለች። የሶሎ ሥራዬ አድማጭ እሷ ናት። ሌላ ካለ እስካሁን ራሱን አልገለጸም።

አንድ ቀን ተጫውቼ ስጨርስ ቧንቧውን ዘጋችና፣

«ጋሼ፣ ዛሬም ቀረ?» አለችኝ።

«ማን?»

«ዘፋኙ ነዋ።»

«የምን ዘፋኝ?»

«ወላሂ እኔ እንጃ። ትመታለህ፣ ትመታለህ፣ ደረሰ ደረሰ ስል ቀጥ ትላለህ። ከዚያ እንደገና ትጀምራለህ።»

«ስታይል ነው እሱ። የሙዚቃ ነገር አይገባሽም።»

«አይገባኝም። ሰው ሲጠበቅ ግን አውቃለሁ።»

ተናደድኩ። ልረታት ብዬ በማግስቱ ስልኬ ላይ ቀዳሁትና ሰማሁት። እውነቷን ነው። ባንዱ ከፈረሰ በኋላ፣ ብቻዬን፣ ለራሴ ብዬ የደረስኩት ዜማ ሁሉ መሀሉ ላይ ባዶ ቦታ አለው። ሰው ገብቶ የሚዘፍንበት የሚያህል ቦታ። እኔ እዚያ ስደርስ እጄን አነሣለሁ፤ ማንም አይገባም፤ እቀጥላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ስጫወት ኖሬ አንድም ቀን አልታወቀኝም።

ነገሩ በቀልድ ያልፍ ነበር፤ ግን በዚያው ሰሞን አንድ የባሕር ዳር ሆቴል ዓርብ ዓርብ ለምሳ እንግዶች የሚጫወት ጊታሪስት፣ አንድ ሰው ብቻ፣ እንደሚፈልግ ሰማሁ። ባባም «ዓርብ ያንተ ነው» ብሎ ፈቀደ። ሃምሳ ሊሞላኝ ጥቂት ነው የቀረኝ፤ የግራ እጄ የቀለበት ጣት ጠዋት ጠዋት አልታጠፍም ማለት ጀምሯል። ይህን ካገኘሁ ሙዚቀኛ ነኝ። ካጣሁት ጊታር የሚያሳድግ ሾፌር ነኝ፤ ከዚህ በኋላ የሚጠራኝም የለም።

ሆቴሉ ስደውል መጥተህ ተጫውተህ አሳየን አሉኝ፤ ለፈተናው ሁለት ሳምንት ነበረኝ። ባዶውን ቦታ ልሞላ ተነሣሁ። እጄን አላነሣም ብዬ እጀምራለሁ፤ ቦታው ሲደርስ እጄ ራሱ ይነሣል። በግድ ስመታው የሰው ንግግር ያቋረጥኩ ይመስለኛል። ስምንተኛው ቀን ላይ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ አዲስ አበባ ደወልኩ፤ ለዘፋኛችን። ዓለማዊ ዘፈን ትቶ ዘማሪ ሆኗል።

«እዚያ ቦታ ላይ ምን ነበር የምትለው?» አልኩት። «ያኔ በባንዱ ዘፈኖች እኔ የማቆምበት ጋ።»

«ወንድሜ፣ እሱን ትቻለሁ። አሁን የምዘምረው ለጌታ ብቻ ነው።»

«አትዝፈንልኝ። በንግግር ንገረኝ።»

«ንግግሩንም ትቻለሁ።»

«ርዝመቱን ብቻ። ስንት ምት ነበር?»

«ሰባት ዓመት አጠገቤ ቆመህ አልሰማህም?»

አልሰማሁም። ተራዬን ስጠብቅ ነበር። እጸልይልሃለሁ ብሎ ዘጋው፤ የሚጸልይልኝም ይመስለኛል፤ ክፉ ሰው አልነበረም።

የፈተናው ቀን ረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ሆቴሉ ደረስኩ። ሥራ አስኪያጁ ጨዋ ሕንዳዊ ነው፤ ከፊቴ ተቀመጠና ጀምር አለኝ። ጀመርኩ። ጥሩ መታሁ፣ በእናቴ ጥሩ መታሁ። ቦታው ደረሰና እጄ ተነሣ። ሰውየው ዞሮ በሩን አየ።

ስጨርስ «በጣም ጥሩ» አለ። «ሌሎቹ መቼ ይደርሳሉ?»

እዚህ ጋ ነው አፌን መስፋት የነበረብኝ። ግን ዕድሜዬን ሁሉ የሚያሳፍር ነገር ሲገጥመኝ የምቀልድ ሰው ነኝ። «መንገድ ተዘጋግቶባቸው ነው» አልኩት።

ሰውየው አመነኝ። ሻይ አዘዘልኝ። አብሮኝም ተቀመጠ። የመስታወቱ በር በተከፈተ ቁጥር ሁለታችንም ቀና እንላለን። ፎጣ ያነገቱ ቤተሰቦች ገቡ። በረዶ የሚያመላልስ ሠራተኛ ገባ። ሦስተኛ ጊዜ ሲከፈት ከወንበሬ ብድግ ብያለሁ። የራሴን ውሸት ስጠብቅ ነበር። የገቡት ሁለት አሮጊቶች ናቸው።

«ቀልዴን ነው» አልኩት ያኔ። «ብቻዬን ነኝ።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ታዲያ ዝም ያልክበት ቦታ ምንድን ነው?» አለኝ።

ሻዩን ጨረስኩ፣ ጊታሬን አቀፍኩ፤ ኻላስ፣ አለቀ።

ቤት ስደርስ የከሚሴዋ ልጅ መስኮቱ ላይ ሆና ጠበቀችኝ።

«እንዴት ሆነ ጋሼ?»

«ስንሟላ እንድንመጣ ነው የነገሩን።»

ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ወደ ድስቷ ተመለሰች።

አሁን ዓርብ ዓርብ እዚያ ሆቴል ሌላ ሰው ይጫወታል። ማዳምን ለምሳ ሳደርስ በመስታወቱ በር አሻግሬ አየዋለሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዴም እጁን አያነሣም።

እኔም አልተውኩም፤ ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ባዶውን ቦታ መሙላት ግን ትቻለሁ። እዚያ ስደርስ እጄ ይነሣል፤ በመስኮቱ በኩል ቧንቧው ሲዘጋ እሰማለሁ። ዛሬም ቀረ ብላ አትጠይቀኝም። እጇ አረፋ እንደሆነ ትቆማለች፤ እኔም እቆማለሁ። ማንም አይገባም። ከዚያ ቧንቧው ይከፈታል።