ማካሮኒ አምራቿ ተወካይ

የከተማው ሽማግሌዎች ወደ ፋብሪካዬ የመጡ ዕለት ማሽኑ እየሠራ ስለነበር መጀመሪያ ያሉትን አልሰማሁም። ሮቤ ከተማ ዳር፣ በባሌ ስንዴ ማካሮኒ የምናመርትበት አዳራሽ ውስጥ ነበርን። ባለቤቴ ማሽኑን አስቆመልኝ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት፣ የአባቴ ወዳጅ የነበሩት ሽማግሌ ደገሙልኝ።

«ለፓርላማ አንቺን አጭተናል።»

ሳቅኩ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚህ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር። እኔም ከዚያች ሱቅ ተነስቼ ፋብሪካ ድረስ የመጣሁት በሥራ እንጂ በንግግር አይደለም። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ንግግር የሚያውቁትንማ ልከን አየናቸው።»

«እሺ አባባ፣ ላስብበት።»

«አስቢበት። እኛ ግን ለሰዉ ነግረናል።»

ከግቢው ስወጣ የባጃጅ ሾፌሮች ጥሩምባ እየነፉ እንኳን ደስ ያለሽ ይሉኝ ጀመር። እምቢ ብል አባቴን ተቀብሎ ያኖረውን ከተማ እምቢ ያልኩ መሰለኝ። ተወዳደርኩ፤ አሸነፍኩ።

አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ተከራየሁ። ፋብሪካው ለባለቤቴ ቀረ። የምክር ቤቱ ወንበር ምቹ ነው፤ እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ቆሜ የሠራሁ ሴት ነኝና ጉልበቴ መቀመጥ አልሆነለትም። ረጅም ሪፖርት ሲነበብ ልቤ ማድረቂያው ክፍል ነው። ማካሮኒ በመድረቅ ላይ እያለ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ቶሎ ካልተነሳ የቀኑ ምርት ተበላሸ ማለት ነው። ስብሰባው እንደተበተነ እደውላለሁ።

«መብራት አለ?»

«አለ።»

እንዴት ዋልክ፣ እንዴት ዋልሽ የምንባባለው ከዚያ በኋላ ነው።

ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ቀን ባለቤቴ «የለም» አለኝ። የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጥሏል። ፋብሪካዬም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ቤቱ ሁሉ መብራት የሚያገኘው ከእሱ ነው። ስልኬ ማረፊያ አጣ። የሚደውለው ሁሉ «አንቺ እያለሽ እንዴት!» ይለኛል።

«አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ» አለኝ ባለቤቴ። «ለፋብሪካዋ ነው የጠየቀችው ይሉሻል።»

«ዝም ብልስ?»

«እሷ ጄኔሬተር አላት፣ ምን ቸገራት ይሉሻል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እኔም አላውቅም» አለ።

ምክር ቤቱ ለእረፍት ሲዘጋ መራጮቼን ለማነጋገር ወደ ሮቤ ሄድኩ። ከዲንሾ ወዲህ መንገዱን ጉም ሸፍኖት ነበር፤ መኪናው በዝግታ በሄደ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ምነው ባልደረስኩ እላለሁ። የስብሰባው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። አንዲት እናት ተነሱ። ልጃቸው ምጥ ይዟት ጤና ጣቢያው ጨለማ ሆነባት፤ በዝናብ፣ በባጃጅ ወደ ጎባ ሆስፒታል ስትወሰድ መንገድ ላይ ወለደች።

«ሕፃኑ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ለሚቀጥለው ግን ማን ዋስ ይሆናል?»

ገና ሳይቀመጡ ከኋላ አንድ ሰው ጮኸ፦ «እሷ ብትጠይቅም የምትጠይቀው ለማካሮኒዋ ነው!»

ሰዉ ሳቀ። ተነሳሁ።

«ትራንስፎርመሩን እጠይቃለሁ» አልኩ። «ሲመጣ ግን የእኔ ፋብሪካ መስመሩ ውስጥ አይገባም። ተወካያችሁ ሆኜ እስካለሁ ድረስ በጄኔሬተር ይሠራል።»

ይህንኑ በኦሮምኛ ደገምኩት። ሁለቴ ተጨበጨበልኝ። ባለቤቴ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ አላጨበጨበም። ወደ ቤት ስንሄድ «ቀድመሽ ብታማክሪኝ ምን ነበረበት?» አለኝ። ከአፌ እስኪወጣ ድረስ እኔም አላሰብኩትም።

ምክር ቤቱ ሲከፈት እጄን አውጥቼ ጠየቅኩ። ሚኒስትሩ በዕቅድ ተይዟል ብለው አለፉት፤ እኔም እንዲሁ ሊቀር ነው ብዬ ነበር። አልቀረም፣ መጣ። መብራቱ የበራ ዕለት የሰፈሩ ሴቶች ደውለው በስልክ እልልታቸውን አሰሙኝ። እውነቱን ለመናገር አለቀስኩ፤ ተወካይ በመሆኔ የተደሰትኩበት ቀን ቢኖር እሱ ነው።

ፋብሪካዬ ግን በናፍጣ ቀረ። ናፍጣ አንድ ሰሞን ይገኛል፣ አንድ ሰሞን ይጠፋል። ባለቤቴ መጀመሪያ የሌሊቱን ፈረቃ አስቀረ፤ ቀጥሎ ማሸጊያ ክፍል የነበሩትን ሴቶች አሰናበተ። ከእነሱ አንዷ፣ ፋብሪካው ከተከፈተ ጀምሮ አብራኝ የነበረች፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ሮቤ መምጣቴን ሰምታ ቤቴ መጣች። ቁጭ በይ ብላት እምቢ አለች።

«አዴ፣ መብራቱን እርስዎ ነዎት ያመጡልን፤ አላህ ይስጥልን» አለችኝ። «እኛስ ምን አጠፋንና ከሥራ ወጣን?»

በነጋታው የአባቴ ወዳጅ የነበሩት ሽማግሌ ቤት ሄድኩ።

«አባባ፣ ሰዉን ይሰብስቡልኝ። ያን ቃሌን አንሱልኝ ብዬ ልለምን።»

«እሰበስባለሁ። ግን ያን ቀን ውሸታም የምትባዪው አንቺ ብቻ አይደለሽም። ያጨሁሽ እኔም ነኝ።»

«እንግዲያው ወንበሩን ልልቀቅ።»

«ሕዝቡን ጥላ ማካሮኒዋን አበራች ይሉሻል።»

ተቆጥተው አልነበረም፤ እንዲያውም አዝነው ነው። ሻይ አስቀዱልኝ። ሻዩን ጠጥቼ፣ እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

ዘንድሮ የፋብሪካውን አዳራሽ ለእህል ነጋዴ አከራየነው። ባለቤቴ ማሽኑን በሸራ ጠቅልሎ ጥግ አስያዘው። አልተጣላንም። ስንደዋወል ስለ ልጆቻችንና ስለ ዝናቡ እናወራለን፤ ስለ መብራት የሚጠይቅ የለም።

በቅርቡ ከቋሚ ኮሚቴያችን ጋር ሩቅ ከተማ ያለ የፓስታና ማካሮኒ ፋብሪካ ለመጎብኘት ሄድን። ነጭ ጋውን አለበሱንና አስገቡን። የሊጡ ሽታ ገና ከበሩ ተቀበለኝ። ሥራ አስኪያጁ፣ ፀጉሩ የሸበተ ትሁት ሰው፣ ከፊት ስለነበርኩ ለእኔ ያስረዳኝ ጀመር።

«ክብርት፣ ሊጡ በዚህ ገብቶ በዚህ በኩል ቅርጽ ይዞ ይወጣል።»

ከሚወርደው ላይ ጥቂት ዘግኖ አሳየኝ። አንዷን አንስቼ በጣቶቼ መሀል ጫን አልኳት። ሊጡ ውሃ በዝቶበታል፤ ትንሽ ቢቀንሱለት ይሻል ነበር። ይህን ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ባልደረቦቼ ፎቶ እየተነሱ ነው።

«ጥያቄ አለዎት ክብርት?» አለኝ ሰውየው።

«የለኝም» አልኩት፤ ወደሚቀጥለው ክፍል ይዞን ሄደ።