ሦስተኛው መለኪያ ላይ ያደረግሁት ምልክት

ጥር 14 ቀን የተጻፈው ገጽ አምስት መስመር አለው። አራቱ ተሞልተዋል። በአምስተኛው ላይ «ድልድዩ ሥር» ከሚለው በቀር ቁጥርም ሰዓትም የለም። ደብተሩ የአጎቴ ነው። ከድልድዩ ሁለት ኪሎ ሜትር ሲቀረው መኪናውን ዳር አስይዞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ ነው ያረፈው። ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ባዶውን መስመር እንዳለ ትቼዋለሁ፤ ያልተነበበ አይጻፍም።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የወንዙን ከፍታ ለካ። በአምስት ቦታ ቁጥር የተጻፈባቸው ሰሌዳዎች ውሃው ውስጥ ተተክለዋል፤ በየሳምንቱ ከላይ ወደ ታች እየነዳ ያነባቸዋል። አንዴ ቆሞ፣ አንዴ ተንበርክኮ ያያል፤ የሚጽፈው ተንበርክኮ ያየውን ነው። በአንድ ሴንቲ ሜትር ምክንያት ከአለቃው ጋር ሁለት ቀን ተኳርፎ ስለነበር በመሥሪያ ቤቱ «ጋሽ ሴንቲ» ይሉታል። እኔ እዚያው መዝገብ ቤት እሠራለሁ፤ ከደብተሩ ወደ መዝገቡ የምገለብጠው እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ ውስጥ የሦስተኛው መለኪያ ንባብ አልገጥም አለኝ። ከሁለተኛው በታች ውሃው በአንድ ጊዜ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ጎድሏል፤ አራተኛው ላይ ደግሞ እንደወትሮው ነው። አጠገቡ በቀይ የጥያቄ ምልክት አደረግሁ። ምልክቱ እስከ ጥር መጨረሻ ካልተነሣ፣ በመሥሪያ ቤቱ ደንብ መሠረት ሦስተኛው ላይ ያነበበው የሠላሳ አንድ ዓመት ልኬት በሙሉ ከሚታተመው መዝገብ እንደሚወጣ አውቃለሁ። አጎቷ ስለሆነ አለፈችው እንዳልባል ፈርቼ ነበር።

አልተቆጣም። «ተማሪዬ» አለኝ፤ ዲግሪዬን ከያዝኩ አሥራ ሁለት ዓመቴ ቢሆንም ለእሱ ስሜ ይኸው ነው። «ወፍራም ካልሲ አድርገሽ ነይ። ውሃው የት እንደገባ አሳይሻለሁ።»

ጥር 7 ቀን ጎህ ሲቀድ ወጣን። የመኪናው ማሞቂያ ከሞተ ቆይቷል፤ ትንፋሻችን የጋረደውን መስታወት በጨርቅ እወለውላለሁ።

«ጋሼ፣ ይሄን ማሞቂያ ለምን አታሠራውም?»

«ከሞቀኝማ እንቅልፍ ይወስደኛል። ይልቅ ደህና አድርገሽ ጥረጊ፤ ወንዝ ውስጥ ብንገባ የምትዋኚው አንቺ ነሽ።»

አንደኛውና ሁለተኛው መለኪያ ደህና ነበሩ። ከሁለተኛው በታች ወንዙ በሁለት አለት መካከል ይጠብባል። እዚያ አቆመ። በዚህ ከፍታ በጥር ውርጭ ሌሊቱን የረጋው በረዶ ከግራና ከቀኝ ተገጣጥሞ መተላለፊያውን ዘግቶታል፤ ውሃው ከኋላው ተኝቷል። ከዚያ ወደ ሦስተኛው ነዳ። ወርጄ ሰሌዳውን አየሁ።

«ስንት ጎድሏል?»

«ሃያ ስምንት።»

«ተንበርክከሽ ነው?»

«ተንበርክኬ ነው፤ ጉልበቴ በስብሷል!»

«በይ እንግዲህ ቁጭ በይ። ፀሐይ ትውጣ።»

ዳቦ በልተን ከፔርሙስ ሻይ ጠጣን። ወደ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከላይ በኩል መደርደሪያ ሙሉ ሳህን የወደቀ የሚመስል ድምፅ መጣ። የበረዶ ስብርባሪ እየተንሳፈፈ አለፈ፤ ውሃው በሰሌዳው ላይ ቁጥር በቁጥር ወጣ።

«ታኅሣሥም እንዲህ ነበር ማለት ነው» አልኩት።

«ሰዓቱን ጽፌልሽ ነበርኮ። ሦስተኛው ከጠዋቱ አንድ ተኩል፣ አራተኛው በረዶው ከተሰበረ በኋላ አራት ሰዓት።»

እውነቱን ነው። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ሰዓት ይጽፋል። የእኔ ቅጽ ግን የሰዓት ዓምድ ስለሌለው ስገለብጥ እተወዋለሁ። ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ስተወው ኖሬያለሁ። የሚገባኝን ወቀሳ ስጠብቅ «ቅጽሽ ጠባብ ነው» ብሎ ብቻ መኪናውን አስነሣ።

ምልክቱን ለማንሣት የሚሞላው ማስተካከያ ሰሌዳውን ያነበበውን ሰው ፊርማ ይፈልጋል። ጥር 14 ቀን ከአራተኛው ወደ አምስተኛው ሲያልፍ ወደ መዝገብ ቤቱ ጎራ አለ። ጫማው ጭቃ ስለነበር ወለሉን አላበላሽም ብሎ በመስኮቱ በኩል ውጭ ቆሞ ፈረመ።

«ፊትህ ገርጥቷል፣ ጋሼ።»

«ብርዱ ነው። ምልክቱስ?»

እያየኝ ቀዩን ምልክት በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰረዝኩት። መነጽሩን አድርጎ አጎንብሶ ተመለከተው።

«የሰረዝሽበትን ሰዓት ጻፊበት።»

ዳር ላይ ጻፍኩ፤ ከረፋዱ 5፡20። እርሳሱን ኪሱ ከትቶ ወደ ድልድዩ ሄደ።